የእናቴ ወይራና የደምሌ ምስባክ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 13

መብራት ሲሄድ ሲመጣ ዋለ። የዘጠነኛ ሀ ፈተና ገና ግማሹም አልታረመም። ከፋሲካ ወዲህ ተማሪው ያንቀላፋል፣ መምህሩ ያንቀላፋል... የበላነው ዶሮ ነው መሰል።

በእረፍት ሰዓት የሚኒ ሚዲያ ተራዬ ነበር። «ይህን ያውቃሉ?» የምትለዋ ዝግጅቴ። ልጆቹ ይወዷታል፤ ወሬ ስለማበዛባት። ዛሬ ስለ በዓላት አመጣጥ አወራሁ። ፈረንጆቹ ገናን የሚያከብሩበት ቀን ድሮ የፀሐይ በዓል ነበር የሚሉ አሉ፣ ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ወደ አገር ቤት ገባሁ። የግንቦት ልደታ ዛፍ ሥር የሚከበረው አያቶቻችን ክርስትና ሳይመጣ አድባር ብለው ዛፉን ያከብሩ ስለነበር ነው የሚሉም አሉ፣ አልኩ። ዝም ብዬ ብወርድ ምን ነበረበት? «የእኛ ሰፈሯን ወይራ ታውቋታላችሁ አይደል?» ብዬ ጨመርኩ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

ደስ ብሎኝ ነው ወደ ቤት የሄድኩት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 15

ደምሌ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው! የእትዬ ፍቅርተ ልጅ፣ የማርያም ዲያቆን፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አለቃ። «መምህርት ኢየሩሳሌም በማስረጃ እንዳረጋገጠችው፣ ዛፍ ሥር የሚቀቀል ንፍሮ ባዕድ አምልኮ ነው።» በማስረጃ! እኔ ያልኩት «የሚሉ አሉ» ነው። የሚሉ አሉ!

ደወልኩለት። «አንተ ልጅ፣ መቼ አረጋገጥኩ?»

«ቲቸር፣ አትፍሪ። እውነት ተናግረሽ የመሸበት ማደር ነው።»

ዘጋሁት። ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ሌላ ነው... ንፍሮውን በየዓመቱ የምትቀቅለው እናቴ ናት። አጠገቧ ቁጭ ብለው እሳቱን የሚቆሰቁሱት ደግሞ እትዬ ፍቅርተ፣ የደምሌ እናት።

እሑድ፣ ሚያዝያ 18

እናቴ ሰምታለች። ቴሌግራም አታውቅም፤ አርብ ዕለት ገበያ ላይ ነው የነገሯት። ሁለት ቀን ይዛው ከርማ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ «የእኔን ወይራ በሬዲዮ ጠራሻት አሉ» አለችኝ። ሬዲዮ አይደለም ልላት ነበር። ምን ይጠቅማል?

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከእኔ በፊት ሁለት ልጆች ቀብራለች። ሦስተኛዋን ስታረግዝ ኮረብታው ላይ ካለችው ወይራ ሥር ቆማ፣ «ልደታ፣ ይቺን ካቆየሽልኝ እስክሞት ድረስ በልደትሽ ቀን እዚሁ ቀቅዬ ጎረቤት አበላለሁ» ብላ ተሳለች። ይቺ እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንዴም አልዘለለችም። ወገዳ ድረስ ለእኅቷ ልቅሶ በሄደች ጊዜ እንኳ ለዋዜማው ደርሳለች፣ በጭነት መኪና ላይ።

ስለቱ ደግሞ ሥርዓት አለው። እህሉ ከየቤቱ ጭብጥ ጭብጥ ይለቀማል፣ በአንድ ድስት ይቀቀላል፣ የሰጠው ሁሉ መጥቶ ይበላል። ጎረቤት ካልበላው አልደረሰም።

«እምቢ ቢሉሽስ?» አልኳት።

ነጠላዋን አጣፋች። 

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 21

የኔታ አለሙ ዘንድ ሄድኩ። ቤተ ልሔም የዜማ ትምህርት ቤት ድጓ ያስመሰከሩ፣ ደምሌን ከፊደል ጀምሮ ያስተማሩ ሰው ናቸው። እሳቸው አንድ ቃል ቢናገሩ የሰፈሩ ሴቶች ይሰማሉ ብዬ። ማርያም ግቢ ጥላ ሥር ፀሐይ ሸሽተው ተቀምጠዋል።

«የኔታ፣ እውነት ከአረማውያን የመጣ ነው?»

«ሊሆን ይችላል።»

ክው አልኩ። «እንዴ! ሐናና ኢያቄም ሸሽተው ሊባኖስ ተራራ ላይ ስለወለዷት ነው፣ ደጅ የሚከበረውም ንፍሮውም ለዚያ ነው ይባል የለም?»

«ይባላል። እሱም ነው።»

«ሁለቱም?»

«አንቺ በስንት ቀንሽ ተጠመቅሽ?»

«እንደማንኛዋም ሴት ልጅ በሰማንያ።»

«እስከዚያ አረመኔ ነበርሽ። እናትሽ ጡት ነሳችሽ?»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሳቸውም ሳቁ፤ ጥርሳቸው ከላይ ሁለት ብቻ ነው የቀረው። እሺ ይህንኑ ለሰፈሩ ይንገሩልኝ አልኳቸው። ለመንኳቸው።

«እኔ ምን ቤት ነኝ? ባወራሽበት አፍሽ ዞረሽ አውሪ።»

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 29

ዞርኩ። እናቴ ሰፌዷን ይዛ፣ እኔ ከኋላ። ስምንት ቤት።

የመጀመሪያዋ ቤት ፅጌረዳ። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የተማረች፣ አሁን ጤና ጣቢያ የምትሠራ። «ቲቸርዬ፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ ባዕድ አምልኮ ነው ያልሽው?» አለችኝ። «የሚሉ አሉ» አልኩ እንጂ እንደዚያ አላልኩም... ስለ ሰማንያ ቀኑ ነገርኳት። ከት ብላ ሳቀች። ስቃ ስታበቃ፣ «ብቻ የንስሐ አባቴን ልጠይቅ» ብላ ባዶ እጃችንን ሸኘችን።

አንዷ በአጥር ቀዳዳ አንድ ጭብጥ ስንዴ አቀበለችን። «ደምሌ እንዳያይ!» እያለች። የሰረቅን ነው የመሰልነው።

መጨረሻ የእትዬ ፍቅርተ በር። ዝግ። እናቴ አንኳኳች። ከውስጥ ሳል ተሰማ፤ ያንን ሳል እኔም አውቀዋለሁ፣ እናቴማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አብራው ኖራለች። እጇን ለሁለተኛ ጊዜ አነሳች... መለሰችው።

«አሟት ይሆናል» አለች።

እያወቀች ነው። ደምሌ «የዲያቆን እናት ዛፍ ሥር ትታይ?» እንዳላቸው ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ልጃቸው ነው፤ ምን ያድርጉ?

ሦስት ቤት ብቻ ሰጠን።

አርብ፣ ሚያዝያ 30

ገበያ። ጨው ተራ ላይ እናቴና እትዬ ፍቅርተ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሁለቱም ጨው እንደማያውቅ ሰው ጨው ያዩ ጀመር።

ማታ እናቴ እህሉን ዘፈዘፈች። «ለማርያም ሦስት ቤትም ይበቃታል» አለች። ለማርያም ይበቃታል። ለእናቴ ግን አልበቃትም፤ ጀርባዋን ሳየው ገብቶኛል። ምላሴን ይቁረጠው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 1

እስቲ ረጋ ብዬ ልጻፈው። እጄ ይጣደፋል።

ጠዋት ቅዳሴ። ምስባኩን፣ ከወንጌል በፊት የሚዜመውን የዳዊት መዝሙር፣ የሚያዜመው ደምሌ። ተቀይሜዋለሁ፣ ግን ድምፁስ... ያምራል። «መሠረታቲሃ ውስተ አድባር ቅዱሳን...» አለ፣ አስረዝሞ።

የሴቶቹ መቆሚያ ተላወሰ።

«አድባር አለ?»

«አድባር ቅዱሳን ነው ያለው!»

«ኧረ በስመ አብ!»

ምስባክ ደግሞ ይደጋገማል። ሁለተኛው ላይ ሴቱ ሁሉ ጆሮ ሆነ። ሦስተኛው ላይ እትዬ ፍቅርተ እልልታውን ለቀቁት። እናቴ ተከተለች። ከዚያማ ማን ያቁመው!

ግዕዜ ጥቂት ነው፣ ይህን ግን አውቃለሁ። አድባር ማለት ተራሮች ማለት ነው፤ የደብር ብዙ ቁጥር። «መሠረቶቿ በተቀደሱ ተራሮች ናቸው» ነው የሚለው መዝሙሩ። ዛፍም የለበት፣ ቆሌም የለበት። ለፅጌረዳ ልነግራት አፌን ስከፍት እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። ጥፍሯ እስኪሰማኝ። አፌን ዘጋሁ።

ሲወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ እትዬ ፍቅርተ ልጃቸውን ጠበቁት።

«አንተ! ቤት ውስጥ ባዕድ አምልኮ ትለኛለህ፣ መቅደስ ገብተህ ቅዱሳን ትላቸዋለህ?»

«እማ፣ ተራሮች ማለት ነው! ተራሮች!»

«ወይራዋስ የት በቀለች? ሜዳ ላይ?»

«ግዕዙ እኮ...»

«ግዕዙን አንተ አልከው። እኔ አላልኩትም።»

ሴቶቹ አጨበጨቡ። ደምሌ ላብ በላብ ሆኖ የኔታን ሲያያቸው፣ «የኔታ፣ ይፍረዱኝ!» አለ።

«ልክ ነህ፣ ተራራ ማለት ነው» አሉት። ፊቱ በራ። «ቤተ ክርስቲያኑንም ደብር የምንለው ለዚያው ነው» ብለው ወደ እናቴ ዞሩ። «ውባለም፣ ንፍሮው ለስንት ሰዓት ይደርሳል?»

ከሰዓት ድስቱ በስሎ ወርዶ ሳለ እትዬ ፍቅርተ ሽቅብ መጡ። በነጠላቸው ጫፍ ጥሬ ባቄላ ቋጥረዋል። ጥሬ! እናቴ ድስቱን መልሳ ጣደችው፣ ባቄላውን ጨመረችበት፣ ውኃ ደገመችበት። ስንዴው ፈርሶ ገንፎ ሊሆን ነው።  ባቄላው እስኪበስል አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ፅጌረዳ ሽንብራ ይዛ መጣች፣ ሌሎቹም ያላቸውን። ስምንቱም ቤት። ሁለቱ ጓደኛሞች ጎን ለጎን እሳት ሲቆሰቁሱ ያወሩት ስለ ጨው መወደድ ብቻ ነው።

ደምሌም መጣ። «ዛፉን ቅቤ እንዳትቀቡ ልጠብቅ ነው» አለ። እየጠበቀ ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

እሑድ፣ ግንቦት 2

አላስቻለኝም። ሰው እያወቀ እንዴት ዝም ይላል? ድስቱን ስናጥብ ነገርኳት።

«እማ፣ አድባር እኮ በግዕዝ ተራራ ማለት ነው። ደምሌ ልክ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«አባትሽ ሳያገባኝ ዲያቆን አልነበር? ያን ምስባክ እዚህ ቤት ሲያንጎራጉረው ነው የኖረው። ከነትርጉሙ።»

«ታዲያ እልል ያልሽው ለምንድን ነው?»

የድስቱን ጥቀርሻ በአመድ ትፈትጋለች። ቀና አላለችም።

«ፍቅርተ ቀድማ እልል አለቻ። ብቻዋን ላስቀራት?»

ቆይ... እትዬ ፍቅርተም የዲያቆን እናት ናቸው። ያን ሁሉ ዓመት ልጃቸው ሲያጠና ትርጉሙን ሳይሰሙ ቀርተው ነው?

«እሳቸውስ ያውቁ ይሆን?»

«እኔ አልጠየቅኋትም» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺም እንዳትጠይቂያት።»

እኔ! ወሬ ይዤ ሳልጠይቅ ላድር! ...

አልጠይቅም።