መጀመሪያ ወደ ጎን

መጋቢት 5፣ ማክሰኞ፣ አቦ

ደብተሬ፣ የሒሳብ ፈተናው ተመለሰ። ወደቅሁ። በግራፉ ላይ በትክክል ያስቀመጥኩት አንድ ነጥብ ብቻ፣ (4፣ 4)። እሱም በየትኛውም ቁጥር ቢጀምሩ እዚያው ስለሚያርፍ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ተገላብጠዋል። መምህሩ ተቆጣ። በአግድሙ መስመር፣ በኤክስ ጀምሪ፤ ከዚያ በዋይ ወደ ላይ ውጪ አለኝ፣ ለስንተኛ ጊዜ። አውቀዋለሁ እኮ! እጄ ነው የማያውቀው። እጄ መጀመሪያ ይወጣል።

የወደቅን ቅዳሜ 2 ሰዓት ድጋሚ እንፈተናለን። ቅዳሜ ደግሞ እዚህ ደባርቅ ገበያ ነው፣ አጎቴ ከጃናሞራ ይመጣሉ። ከወደቀች ትመለሳለች ብለው እናቴ ፊት ተናግረዋል። እህቴንም እንዲሁ ከ6ኛ ክፍል አስወጥተው ነው የዳሯት። እናቴ ቡና መቅዳቷን ቀጠለች። ያ እስካሁን ያናድደኛል።

መጋቢት 7፣ ሐሙስ ማታ

እትዬ ዘውዴ፣ ያከራዩኝ፣ ለማርያም እኛ አገር፣ ደረስጌ ሊሳለሙ ነው። እናቴን ሰላም ሊሉልኝ የቤታችንን መንገድ ጠየቁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ዳገቱን ይወጣሉ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ እላለሁ። ሳቁብኝ።

«አይ የናንተ አገር ሰው! ዳገት ሳትሉ መንገድ አትናገሩም?»

ክው አልኩ። እውነታቸውን ነው። እኛ ጋ የሰው ቤት ሲጠየቅ መጀመሪያ «ላይ ነው»፣ «ታች ነው» ይባላል። ቀኝና ግራው ኋላ ነው። ለካ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ወረቀቱን ተራራ አድርጌው ነው! ደስ አለኝ፣ አለቀስኩም። ምን እንደሚያስለቅስ እንጃ።

መጋቢት 8፣ አርብ

ስሠራ ዋልኩ። መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ከዚያ ወደ ላይ። የመቀነስ ምልክት ካለው ወደ ግራ፣ ወይ ወደ ታች። ሁሉም ልክ መጣ። ቀኝ እጄን በግራ እጄ ይዤ ነው የማስጀምረው፣ ልማድ ክፉ ነው።

ማታ መልእክት መጣ። አጎቴ ገብተዋል፣ ዘመድ ቤት ያድራሉ። መውደቄን ሰምተዋል። ሸክፋ ትጠብቀኝ ብለዋል። ስለ ድጋሚ ፈተናው የጠየቀ የለም። ፈራሁ ደብተሬ። በጣም ፈራሁ።

መጋቢት 9፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 1፡30

አጎቴ ደጅ ናቸው። በቅሎዋ ተጭናለች። እትዬ ዘውዴ እያዘገዩልኝ ነው።

«አያ ተገኘ፣ አረፍ ይበሉ እንጂ! ልጅቱ ትለባበስ።»

«የለም እመቤቴ፣ ዳገቱን ፀሐይ ሳይበረታ እንያዘው።»

እሳቸውም ዳገቱን ነው የሚያስቀድሙት።

የጓሮው አጥር በጎን በኩል ክፍተት አለው። ከዚያ እስከ ት/ቤት መንገዱ ሜዳ ነው። ተፈትኜ እመለስና ፊታቸው ቆሜ እነግራቸዋለሁ፣ ይቆጡ። ይምቱኝም። እስክሪብቶ ይዣለሁ፣ ማስመሪያ ይዣለሁ። ስሜን ጠሩ። ድጋሚ ጠሩ።

መጀመሪያ ወደ ጎን።