አባባ ኢሜይል ያስገባ ጊዜ

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ያ የሚያስቸግርህ ወገብህስ እንዴት ነው? ባለቤትህንና ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ። እኛ ደህና ነን። አባባ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ድምፁ አልተመለሰም እንጂ ሰውነቱ በርትቷል። ይበላል፣ በእግሩ ይሄዳል፣ በጠመኔና በትንሿ ጥቁር ሰሌዳው ቀኑን ሙሉ ይጨቀጭቀኛል።

ኢሜይል ካስገባችሁ በኋላ በወረቀት መጻፍ ምን ይሉታል እንደምትል አውቃለሁ። የኢሜይል ሳጥኑ የአባባ ነው፤ የሚወጣውንም የሚገባውንም ያያል። ይህን ግን እሱ ሳያነበው እንድታውቅልኝ ፈለግኩ። የላከልህ መልእክት አጭር ነበረች። እሷን እስኪልክ ያየውን አበሳ አንዲት ቃል እንዳልነገረህ እርግጠኛ ነኝ።

ኮምፒውተሩን ያገኘሁት መሥሪያ ቤታችን አዲስ ሲያስገባ አሮጌውን ለሠራተኛ ሲያድል ነው። ለመተየቢያ ይሆነኛል ብዬ ነበር ያመጣሁት። አባባ ግን ገና ዕቃው ሳይፈታ ሰሌዳውን አንሥቶ፣ ከልጄ ጋር ያገናኘኛል ወይ ብሎ ጻፈ። ከስልክ መስመሩ ጋር የሚያያይዘው ሞደም ከተገኘ ያገናኛል አልኩት። በማግስቱ ኮቱን ለብሶ ወጣ። ልከተልህ ብለው አይሆንም አለ። እናታችን ካረፈች፣ እሱም ከታመመ ወዲህ ፋርማሲ እንኳ ያለኔ ሄዶ አያውቅም፤ ሰው ፊት ሰሌዳ ማውጣት ያሸማቅቀዋል። ስልክ የማነሣው እኔ፣ ከሐኪሙ ጋር የምነጋገረው እኔ፣ ከአከራዩ ጋር የምከራከረው እኔ ነኝ። አክስታችን «የአባትሽ ምላስ» እያለች ነው የምትጠራኝ። ያን ቀን ግን ብቻውን ስልክ መሥሪያ ቤት ሄዶ፣ ተሰልፎ፣ ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ እየጻፈ እያሳየ፣ ሞደሙንና የይለፍ ቃሉን ይዞ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብታይ! መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ መመሪያው ላይ ሲያቀረቅር፣ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሳለ የምናውቀው ሰውዬ ተመልሶ መጣ። ሁሉን ሰካክቶ ቁልፉን ተጫነ። ሞደሙ ደወለ፣ ጠራ፤ ከዚያ አንዲት ሴትዮ ማን ልበል ብላ በማሽኑ ድምፅ ማጉያ ቤቱን ሞላችው። ሞደሙ ጆሮዋ ላይ ጮኸባት። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ እሷው። ሥራ ፈት ባለጌ እያለች ወረደችበት። አባባ ይቅርታ እንዳይላት ድምፅ የለው፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለኮምፒውተሩ እጅ ነሣ። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

የስልክ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች፣ የሚቸገር ሰው ቢኖር እርዳታ የሚሰጠው በስልክ ነው አሉን። ስልክ ደግሞ ለአባባ ምኑም አይደለም። እኔ ልደውልልህ አልኩት፤ ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት በእግሩ ስልክ መሥሪያ ቤት እየሄደ፣ ጠይቆ፣ መልሱን ሰሌዳው ላይ አስጽፎ እየተመለሰ ሲሞክር ሰነበተ። አንድ ቀን ያስጻፈው ሁሉ በዝናብ ታጥቦ ባዶ ሰሌዳ ይዞ ገባ። ዝናቡ ሲያባራ ጫማውን እንኳ ሳይቀይር ተመልሶ ሄደ።

በመጨረሻ ነገሩን ራሱ ደረሰበት። ለካ ኮምፒውተሩ እኔ መሥሪያ ቤት ሳለ ውጭ ለመደወል አስቀድሞ ዘጠኝ ቁጥርን ይመታ ኖሯል፤ ቤታችን መጥቶም ልማዱን አልተወም። ያቺ ሴትዮ ቤት ሲያስደውለን የነበረው እሱ ነው፤ ዘጠኟን አጠፋት። ሞደሙ ደወለ፣ አፏጨ፣ እንደተጣሉ ድመቶች ተጯጯኸና ጸጥ አለ። ገባ! አክስታችን ስልካችን ቀኑን ሙሉ ቢያዝባት መርዶ ያለ መስሏት፣ የግራ ጫማዋን በቀኝ ተጫምታ እያለከለከች የደረሰችው ያኔ ነው።

የፊደሉ ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። የአማርኛ መጻፊያው በዚያ አሮጌ ማሽን አልሠራ አለ። አማርኛውን በላቲን ፊደል ልትጽፈው ነው ስለው፣ የጸሎቱ ጸ እና የፀሐዩ ፀ የት ሊቀመጡ ነው ብሎ ጽፎ አፈጠጠብኝ። ዕድሜውን በሙሉ እያንዳንዷን ፊደል በቦታዋ ሲያስቀምጥ የኖረ ሰው፣ ላንተ ሲል ይህንንም ዋጠው።

መልስህ የመጣ ዕለት ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ልጆቹ አያታችን ይተይባል ወይ ብለው አላመኑኝም ያልከውን ደጋግሞ አነበበው። ሳቁ ሲበርድለት ወንበሩን ወደኔ አዞረ። ሰሌዳውን አላነሣም። በከንፈሩ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣

«አሁን ሂጂ» አለኝ።

እንዳልገባኝ ሆኜ፣ ወዴት አልኩት። ለካ ያውቃል። መሥሪያ ቤቴ ሩቅ ከተማ ያለውን ቅርንጫፍ እንድመራ ጠይቆኝ፣ አልችልም ብዬ፣ ደግመው ለምነውኝ ነበር። ላንተም ለእሱም ትንፍሽ አላልኩም። ማን እንደነገረው አልጠየቅኩትም። ፋርማሲውስ፣ ሐኪሙስ አልኩት። ጉልበቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገና ፈገግ አለ። ያ ሁሉ ምልልስ፣ ያ አትከተዪኝ ማለቱ፣ ዝናቡ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ኩሽና ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩና ያልቆሸሸ ዕቃ ሳጥብ ቆየሁ።

ወንድሜ፣ ሰው በአባቱ ይኮራል ሲባል እሰማ ነበር፤ አሁን ነው ያወቅኩት። አደራ ቶሎ ቶሎ ጻፍለት። ቁም ነገር ባይኖርህ ስለ ወገብህም ቢሆን ጻፍለት። ከመጪው ወር ጀምሮ ስልክ ደውለህ የሚያነሣ ብታጣ አትደንግጥ፤ አባባ ደህና ነው።

እሱን ዕድሜ ያርዝምልን። አንተንም ከነቤትህ ክፉ አይንካችሁ፤ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

የምትናፍቅህ ታናሽ እህትህ