ለሰኞ ያልኩት አሜን

ለምወድሽ እናቴ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ዲላ ዝናቡ ጀምሯል ሲሉ ሰምቼ፣ ያንን ዳገት ወደ ቸርች እንዴት እንደምትወጪው ሳስብ ነበር። እኔ ጌታ ይመስገን አለሁ። በስልክ ድምፄን ከሰማሽ ሁሉን ነገር ስለምታውቂብኝ ነው መጻፍ የመረጥኩት። በዚያ ላይ ሳታቋርጪኝ ትጨርሺልኛለሽ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሐኪሙ የሰጠኝን የሕመም ፈቃድ ለመሥሪያ ቤቱ አስገብቼ ነበር። ሥራ አስኪያጃችን ጋሽ ዮፍታሄም አይዞሽ፣ ጤና ይቀድማል አሉኝ። ከዚያ በየቀኑ ይደውሉ ጀመር። መጀመሪያ ስለ ቀኝ ጎኔ ቁስል ይጠይቃሉ፣ ቀጥሎ ስለ ሪፖርቱ። ጋደም ብዬ ስመልስላቸው፣ ጭንቅላትሽ ደህና ከሆነማ ምን ቀረሽ ይሉኛል። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ መሆኑን ሳያነሱም አይዘጉም።

ቅዳሜ ሊጠይቁኝ መጡ። አብራኝ የምትሠራውን ሃሴትን አስከትለው፣ ብርቱካንና የቢሮውን ላፕቶፕ በአንድ ፌስታል ይዘው። አከራዬ እትዬ እህተማርያም ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል ያስመጡልኝን የዓሣ ሾርባ ሳይቀር አቀረቡላቸው፤ እንዲህ ያለ አለቃ ዛሬ የት ይገኛል እያሉ። እኔም ጠያቂን ምን ብዬ ላስቀይም?

ሊሄዱ ሲሉ እንጸልይ አሉ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። ጸሎታቸው ያምራል፣ እማ፤ እውነት እንባዬ መጥቶ ነበር። ለሐኪሙም፣ ለአንቺም ጸለዩ። እኔም አሜን፣ አሜን እላለሁ። መጨረሻ ላይ፣ «ጌታ ሆይ፣ ይህችን ልጅ ሰኞ ጠዋት ወንበሯ ላይ አስቀምጣት» አሉ። አፌ ለምዶ ከሁሉም ቀድሜ አሜን አልኩ።

«በእምነት ተቀብለሻል፤ ሰኞ እንጠብቅሻለን» አሉኝ ጫማቸውን እያደረጉ።

«ጋሽ ዮፍታሄ፣ ሐኪሙ እኮ ገና ነው ብሎኛል።»

«ልጄ፣ ታዲያ አሁን አሜን ያልሽው ለማን ነው?»

ሃሴት አቀርቅራ መሬት መሬት ታያለች። እትዬ እህተማርያም መልሴን ይጠብቃሉ።

እሑድ ሃሴት ደወለች። ለካ ጋሽ ዮፍታሄ በመሥሪያ ቤቱ ቴሌግራም ላይ «እህታችን ተፈውሳለች፣ ሰኞ ትገባለች» ብለው ጽፈዋል። ሰው ሁሉ ክብር ለጌታ እያለ መልሶበታል። አልዳንኩም ብዬ ልጻፍበት? ብቀር እምነት የሌላት፣ ወይም የምታስመስል ሰነፍ ልባል ነው።

ደግሞ ሥራውን እወደዋለሁ፣ እማ። ቋሚ ከሆንኩ ማስተርሴን በማታ እጀምራለሁ፤ አንቺንም እዚህ አምጥቼ ጉልበትሽን አሳክምሻለሁ። ይህን ሁሉ አቅጄ ጨርሻለሁ። የእኔን ወንበር የሚጠብቅ ምሩቅ ደግሞ ሞልቷል።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ጎረቤታችን ሱሌይማን ሚኒባሱን ይዞ ወደዚህ ሲመጣ ያንን ሰፊ ቀሚስሽን ላኪልኝ፣ ወገብ ላይ የማይዘውን። ጥቁሩ ይሁን፤ ነጭ ነገር በቀኝ ጎኔ በኩል ቶሎ ይበላሽብኛል፣ ከወንበር ስነሳ ሰው ፊት እሳቀቃለሁ። ልትጠይቂኝ ከመጣሽም በሥራ ቀን አይሁን፤ ቤት የምታገኚው እትዬ እህተማርያምን ብቻ ነው።

ጌታ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ቤትሽን በሰላም ይሙላው። አንቺም ስለ እኔ መጸለይሽን አትተዪ፤ ብቻ እባክሽ ቀን አትቁረጪ።

የምትናፍቅሽ ልጅሽ