የጋሊና ፔትሮቭና «ፒስ ኦፍ ኬክ»

ሰኞ

ዛሬም «ፒስ ኦፍ ኬክ» በሚለው የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ላይ ተጣላን። «ኬኩ የታለ?» ይሉኛል ጋሊና ፔትሮቭና። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ሆም ኬር ተቀጥሬ ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው ሩሲያዊት ሴትዮ ናቸው። «እናንተ በጣም ቀላል ለሆነ ነገር ከተቀቀለ ሥራሥር የቀለለ ትሉ የለ? እሱ ነው» አልኳቸው። ሳቁ። ሚንስክ የተማርኩት ሩሲያኛ ዴንቨር ላይ እንግሊዝኛ ያስተምረኛል ብዬ መች አስቤ!

እንግሊዝኛውን ለማጥናት የቸኮልነው ሐሙስ ገምጋሚዋ ስለምትመጣ ነው። የሚችሉትንና የማይችሉትን አይታ የረዳት ሰዓታቸውን የምትወስነው እሷ ናት። ከቀነሰችባቸው ብቻቸውን ሊውሉ ነው። አስተርጓሚ አልፈልግም ብለዋል፤ «በራሴ አፍ ነው የማናግራት።»

ማክሰኞ

የዛሬዎቹ ፈሊጦች፦ «አንደር ዘ ዌዘር»፣ ትንሽ አሞኛል ለማለት። «ፊት አዝ ኤ ፊድል»፣ ፍጹም ጤነኛ ነኝ። «ብሬክ ኤ ሌግ»፣ ይቅናህ። እግርህን ስበር ማለት እኮ ነው! በዚህ ዕድሜያቸው እንዴት ብዬ ልመኝላቸው? እሳቸው ግን ወደዱት። በእነሱ ልማድ ፈተና የሚገባ ሰው መልካም ዕድል ሲመኙለት የሚመልሰው «ወደ ሰይጣን ሂድ!» ብሎ ነው። እኔንም ላኩኝ። ልማዱን ባውቀውም አማተብኩ።

ሐሙስ

ወይ ጉድ! ስገባ ከንፈራቸውን ተቀብተዋል፤ ተደግፈው የሚሄዱበትን ዎከር ቁም ሳጥን ውስጥ ደብቀውታል። «እንግዳ ይመጣል፣ እንዴት ሆኜ ልታይ?» አሉኝ።

ገምጋሚዋ ልጅ እግር ናት፣ ሳቂታ።

«ብቻዎን መታጠብ ይችላሉ?»

«ፒስ ኦፍ ኬክ!»

«ማብሰልስ?»

«ፒስ ኦፍ ኬክ!»

ጤናቸውን ስትጠይቃቸው «ፊት አዝ ኤ ፊድል!» አጠራራቸው ልቅም ያለ። ልጅቷ እየሳቀች ትጽፋለች። እኔስ? ሻይ እቀዳለሁ። ትልቅ ሰው በእንግዳ ፊት እንዴት ዋሹ ይባላል? እናቴም ስታቃስት አድራ ሐኪም ፊት «ደኅና ነኝ፣ ተመስገን» ትል ነበር። ይሉኝታ ያዘኝ። ራሴ አስተምሬ ራሴ ጉድ ሆንኩ።

ዓርብ

ነገርኳቸው። «ትናንት ጀርባዎን ማን አጠበው? ሰዓትዎን እኮ ይቀንሱታል!»

ተቆጡ። «ለማላውቃት ልጅ ራሴን እንደ ሕፃን ላሳያት?» ሻይ እንኳ አልጠጡም። ተናደድኩባቸው፤ ደግሞ አንጀቴን በሉት። ተደብቄ ለገምጋሚዋ ልደውል አሰብኩና ክህደት መሰለኝ። ቅዳሜና እሑድ እኔ የለሁም። ቻምበርስ ሮድ ያለው ቤቴ እስክደርስ ከራሴ ጋር ስከራከር መታጠፊያዬን አለፍኩት።

ሰኞ

ገና ጃኬቴን ሳላወልቅ «ደውዪላት» አሉኝ። ደወልኩ። ላስረዳላቸው ስል ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። ፈሊጥ የለ፣ ምን የለ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ አንድ በአንድ፦ «ቅዳሜ መታጠቢያ ቤት ወደቅኩ። መነሳት አልቻልኩም። ተጣራሁ። ማንም አልሰማኝም። ብቻዬን መሆን እፈራለሁ።»

ክው አልኩ። ለእኔም አልነገሩኝም ነበር። ጉልበታቸውን ባየው ጠቁሯል።

ልጅቷ እንደገና እመጣለሁ አለች። ምን እንደምትወስን አናውቅም።

ስልኩን ዘግተው መለሱልኝ። «በትክክል ተናገርኩ?» አሉኝ።

«በትክክል» አልኳቸው።