ሞቃቱን የጨው ገንዳ አስፋልት ላለበሱልን ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የዋይት ሄሮን የባሕር ዳር መዝናኛ ፓርክ ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ጉልበትዎስ? የጎረቤቴ የእትዬ ማራኪ ጉልበት ግን ደህና አልሰነበተም፤ በፋሲካ ሰሞን ኦፕራሲዮን ተደርገው አሁን በከዘራ ነው የሚሄዱት። ልጃቸው ልዑል ኤርፖርት ሥራ ውሎ ሲመጣ ያሻቸዋል፤ ምራታቸው አራስ ናት፣ ሕፃኗም ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ሁሉ የምነግርዎ ወሬ ስለምወድ ብቻ እንዳይመስልዎ፣ ነገሩ እርስዎ ዘንድ ስለሚደርስ ነው።

በአማርኛ በመጻፌ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በእንግሊዝኛ የላክናቸው ኢሜይሎች ሁሉ «ስለጻፉልን ደስ ብሎናል» ከማለት ሌላ መልስ ስላላመጡ፣ በማይገባዎት ቋንቋ ብጽፍም የሚቀርብኝ የለም ብዬ ነው።

እኛ የስቶን ማውንቴን ሴቶች በየዓመቱ ፍልሰታ ሲፈታ፣ ባለቤቴ ወንዳፍራሽ በሚነዳው ቫን ግማሽ ቀን ተጉዘን የምንመጣው ለዚያ ለሞቃቱ የጨው ገንዳ ስንል ነበር። በመጀመሪያው ዓመት እንደ አገራችን ፍል ውኃ መስሎን፣ ሳሙናና የእግር መፋቂያ ድንጋይ ይዘን ገብተን፣ እትዬ ማራኪ ጀርባዬን ሲያሹኝ ጠባቂው ትንፋሽ እስኪያጥረው ፊሽካውን ነፋብን። ከዚያ ወዲህ ሳሙናውን ትተን በሥርዓት እስከ አንገታችን ተቀመጥን። እትዬ ማራኪም ሲወጡ ደረጃውን ያለ ደጋፊ ይወጡት ነበር። ዘንድሮ ሐኪማቸው «ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ እግርዎን ያንቀሳቅሱ» ሲላቸው፣ «ቦታማ አለኝ» ብለው ኮሩ፤ ነሐሴንም እንደ ልጅ ሲጠብቁ ከረሙ።

መጣን። ምስጋናዬ እነሆ፦

፩. ገንዳውን ደፍነው መኪና ማቆሚያ ስላደረጉልን እናመሰግናለን። ወንዳፍራሽ እትዬ ማራኪ ይቀመጡባት በነበረችው ጥግ ላይ ፓርክ አደረገ። ከእኛ ቫን በቀር መኪና ስላልነበረ መጨናነቅ የለም።

፪. ልጆች ይሳፈሩባት የነበረችው ትንሿ ባቡር አበባ ተተክሎባታል፤ አበባውም ደርቋል። እርስዎ ውኃ የሚባል ነገር እንደማይወዱ ያኔ ገባን።

፫. የሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ተነስተው በቦታቸው የድሮ ፎቶዎች ተሰቅለዋል። ብልህነትዎን አደንቃለሁ፤ ፎቶ አይዝግም፣ ጥገናም አይጠይቅም። ከመሃላቸው «ደስተኛ እንግዶቻችን» የሚል ተጽፎበት እኛው ገንዳው ውስጥ አለን። እትዬ ማራኪ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ውኃ ውስጥ ሆነው የሚስቁትን እትዬ ማራኪን ብዙ አዩ። ለዚህኛው ግን የምስጋና ቃል አልተገኘልኝም።

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ፣ ወይ ገንዳውን እንዲመልሱልን፣ ወይ ፎቷችንን ከግድግዳዎ እንዲያወርዱልን ነው። ራስዎ ባጠፉት ነገር እንግዳ መጥራት ደግ አይደለም።

ፓርክዎ እንደ አስፋልትዎ ሰፊ፣ እንደ ባቡርዎም የረጋ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አያንቱ ለገሰ
ከስቶን ማውንቴን፣ አትላንታ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ልዑል መጥቶ «እትዬ አያንቱ፣ እማዬ ትጠራሻለች» አለኝ። ብሄድ፣ ባኞውን ሙቅ ውኃ ሞልቶ ጨው በትኖበት፣ እናቱን አስገብቷቸዋል። እግራቸው እንደ ልብ አይዘረጋም፤ ጉልበታቸው ከውኃው በላይ ቀርቷል። እሳቸው ግን ገና ሲያዩኝ፣ «አንቺ፣ ሳሙናውን አምጪው! እዚህ ፊሽካ የሚነፋብን የለም» አሉኝ።