የቡና ቅጣት፦ የጋሼ መቀስ የሕይወት ታሪክ

ሁላችንም ጋሼ መቀስ እያልን የምንጠራቸው ወንድማችን ከቡና አልሚው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1942 ዓ.ም. ከወንዙ ማዶ ባለው ዳገት ላይ፣ ዛሬም ቤታቸው በቆመበት ግቢ ተወለዱ።

ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። ጎበዝ ነበሩ ይባላል፤ ይህን ሲሉ የተሰሙት ግን ራሳቸው ናቸው። አባታቸው በድንገት ሲያርፉ ትምህርቱን ጥለው ማሳ ወረዱ። ብቻቸውን ስላልቻሉትም ታናሽ ወንድማቸውን ከሦስተኛ ክፍል አስወጥተው አጠገባቸው አሰለፉት። ትፈልጋለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም።

መቀስ የሚለው ስም የወጣላቸው የቅርንጫፍ መግረዣውን ከኋላ ኪሳቸው ስለማያወጡት ነበር። በዚህ ምክንያት አንድም ደህና ሱሪ አልነበራቸውም። በ1968 ዓ.ም. ያገቧቸው የባለሱቁ ልጅ፣ «እኔ ያገባሁት መቀሱን ነው፤ ሰውየው ተከትሎ መጣ» እያሉ እንግዳ ያስቁ ነበር። ከእኚህ ደግ ሴት ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ።

ጋሼ መቀስ ልጆቻቸውን በዱላ ነክተው አያውቁም። ልጅ ሲያጠፋ፣ «ውረድ ቡና ልቀም!» ይሉ ነበር። ትልቁ ልጅ የጎረቤት መስኮት ሲሰብር ለቀመ። ሴቷ በሒሳብ ስትወድቅ ቡናው በሚሰጣበት የማድረቂያ አልጋ ላይ ጎንበስ ብላ የተበላሸውን ፍሬ ስትመርጥ ከረመች። ጥሩ ውጤት ይዞ የመጣ ደግሞ፣ «ዛሬ ማሳ እንዳትደርስ፤ ሂድ ተጫወት» ይባላል። ልጆቹ በትምህርታቸው የሰነፉ እንደሆነም ምሳ ላይ፣ «አጎታችሁን አታዩትም? እንደሱ ጭቃ ስታቦኩ ልትኖሩ ነው?» ይሏቸዋል። አጎትየው እዚያው ገበታ ላይ ተቀምጦ ነው እንግዲህ። አብሮ ይስቃል፤ ምን ያድርግ?

ምክሩ ሠመረ። ትልቁ ባንክ ገባ፣ ሴቷ ነርስ ሆነች። የመጨረሻው ልጅ ሞተር ብስክሌት ገዝቶ ሰው ያመላልሳል። የመንደሩም ወጣት እንደዚያው ነው። ቡና ተክሎ ፍሬ እስኪይዝ ዓመታት መጠበቅ፣ ከያዘም በኋላ ነጋዴው ዋጋውን እንዳሻው ሲጥለው ቆሞ ማየት ነው፤ ሞተር ግን ጠዋት ከወጣች ማታ ታበላለች። ለዚህ ወጣቱን መውቀስ አይቻልም። ጋሼ መቀስም በልጆቻቸው ይኮሩ ነበር። መንገድ ላይ ላገኙት ሁሉ፣ «የኔዎቹ እጃቸው እንደ ሐር ነው» ይሉ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ዳገቱን መውጣት አቃታቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ፍሬው ቀልቶ ለቃሚ ሲታጣ፣ ሦስቱንም ልጆች ጠርተው ሳሎን ሰበሰቧቸው። ታናሽ ወንድማቸው ከነቦት ጫማው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ግባ ያለው የለም።

«ከናንተ አንዳችሁ ማሳውን ያዙልኝ» አሉ።

ትልቁ ስልኩን ገለበጠ። ሴቷ በሞላው ብርጭቆ ላይ ውሃ ልትጨምር ተነሣች። የመጨረሻው ግን ተጫዋች ነውና፣ «አባዬ፣ ደግሞ ምን አጠፋሁ?» አለ።

ሁሉም ሳቁ። ጋሼ መቀስም ከሁሉ በልጠው ሳቁ። ቀጥሎ ፊታቸው ደም መሰለ። በእጃቸው ሸፈኑት። ልጁ ነገሩ ስለከበደው፣ «ቀልዴን ነው እኮ» ቢልም ቀና አላሉም። ራሳቸው ያስተማሩት ነበርና ማንን ይቆጡ?

ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት መቀመጥ አፈሩ። ማሳውን ማን ያዘው ሲባሉ፣ «እየተመካከርንበት ነው» ብለው ያልፋሉ። ታናሽ ወንድማቸው ያን ሰሞን ብቻውን ሲለቅም ባጀ፤ «አንተ ያዘው» ይሉኛል ብሎም ይጠብቅ ነበር። አላሉትም። እሱም ልያዘው ብሎ መጠየቁን እንደ ልመና ቆጠረውና ሳይጠይቅ ቀረ።

ጋሼ መቀስ ዘንድሮ ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡ። ባለፈው እሑድ ታናሽ ወንድማቸው ሊጠይቃቸው ሄደ። የአልጋው ብረት ቀለሙ የተላጠ፣ መስኮቱም ከግድግዳ ጋር የሚፋጠጥ ነበር። እጁን ያዙት፤ ይህን አድርገውት አያውቁም። «ከክፍል አውጥቼ እዚያ ጭቃ ውስጥ የማገድኩህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ። ማሳውን እንዲሸጡት ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ፤ ከእንግዲህ እረፍ» አሉት።

እሱ ቡናውን ይወደው ነበር። አበባው የፈነዳ ዕለት ዳገቱ እንዲያ ነጥቶ ለማየት ከአልጋው ዘሎ የሚነሣ ሰው ነው። ይህን ለወንድሙ ነግሯቸው አያውቅም፤ በምሳው ገበታ ላይ ያን ሁሉ ዘመን አብሮ ሲስቅ ኖሮ አሁን እወደዋለሁ ማለት አሳፈረው። «ይቅር ብያለሁ፣ ጋሼ» ብሎ ወጣ።

ጋሼ መቀስ በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው፣ ማክሰኞ ጠዋት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የሦስት ልጆች አባትና የአምስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ማሳው እስኪሸጥ ድረስ እዚያው የሚገኝ አንድ ታናሽ ወንድምም አላቸው።

ለልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን። የጋሼ መቀስን ነፍስ ፈጣሪ ሰው በሥራው ከማያፍርበት ቦታ ያሳርፍልን።