የደረጃው መደገፊያ ገንዘብ ወደ ቦታው ይመለስ

ቀን፦ ኅዳር 11 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
በጽሕፈት ቤቱ

ጉዳዩ፦ ለጋሿ ሳትጠየቅ በእኔ ፊርማ ከገደብ የወጣው የደረጃ መደገፊያ ስጦታ ወደ ነበረበት እንዲመለስ፣ ስሕተቱም ከመዝገብ እንዳይጠፋ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህን አቤቱታ የማቀርበው በሌላ ሰው ላይ አይደለም። ጥፋተኛው እኔው ነኝ፤ አቤት የምለውም ሳልጠይቅ ምሕረት ስለተደረገልኝ ነው።

1. በዚህ ቤተ ክርስቲያን ለሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ መዝጋቢ ሆኜ አገልግያለሁ። ሰጪው “ለዚህ ይሁን” ብሎ ያመጣውን ገንዘብ ከመደበኛው ሒሳብ ጋር ቀላቅዬ አላውቅም። ለእያንዳንዱ የራሱን ገጽ እከፍትለታለሁ፤ ይህንን ገደብ እንለዋለን፤ ከገደብ የማወጣውም የተባለው ሥራ ሲፈጸም ወይም ሰጪው ራሱ በጽሑፍ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ከሻማ መግዣው በተረፈው መጥረጊያ ይገዛልኝ ያለኝን የጽዳት ኃላፊ፣ የሻማውን ሰጪ ፈልጎ እስኪያስፈርም ድረስ ሁለት ሳምንት አቁሜዋለሁ። በዚህ ምክንያት ከኋላዬ “አባ ገደብ” እንደምባል አውቃለሁ። ፊት ለፊት ቢሉኝም ቅር አይለኝም ነበር።

2. በሐምሌ ወር 2012 ዓ.ም. አንዲት አረጋዊት ልብስ ሰፊ ለሰሜኑ በር ደረጃ የብረት መደገፊያ ማሠሪያ የሚሆን ገንዘብ ገቢ አደረገች። ደረጃው አሥራ አንድ እርከን ነው፤ ጉልበቷ ከአራተኛው በላይ እምቢ ብሏታል። ገንዘቡ በሦስት ዓመት ውስጥ ከእጅጌና ከቁልፍ ቀዳዳ የተጠራቀመ ነው። ደረሰኙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። “ለሰሜኑ በር ደረጃ መደገፊያ ብቻ” ይላል። “ብቻ” የምትለዋን ጨምሬ ሁለት ጊዜ ያሰመርኩባትም እኔ ነኝ፤ እሷ ጻፍልኝ አላለችኝም። ለጋሿ ታላቅ እህቴ ናት። በመዝገብ ላይ ዝምድና ስለማይጻፍ ግን ከዚህ በኋላም ለጋሿ እያልኩ እቀጥላለሁ።

3. የብረት ዋጋ እስኪረጋ ተብሎ ሥራው ቆየ። ባለፈው ዓመት ሰኔ የሕፃናቱ መማሪያ ክፍል ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። መደበኛው ሒሳብ ባዶ ነበር፤ ቆርቆሮ መቺውም ቀብድ ካልያዝኩ መሰላል አላቆምም አለ። በሰበካ ጉባኤው የመደገፊያው ገንዘብ ለጣሪያው ይዙር ተባለ። በዕድሜ ልጄ የምትሆነው ገንዘብ ያዥ፣ “የለጋሿ የፈቃድ ፊርማ የታለ?” ብላ ጠየቀች። ይህን ጥያቄ መጠየቅ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። “እህቴ ናት፤ እኔ አለሁ” አልኩና ለጋሿ በምትፈርምበት ቦታ ላይ ፈረምኩ። ከጉባኤው አንዱ፣ “ዛሬስ አባ ገደብም ከገደብ ወጡ” ብሎ ሰውን አሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ፊርማው በማዘዋወሪያው ሰነድ ላይ አለ፤ ጥርት ያለ ነው።

4. ለዚህ ሰበብ አላቀርብም። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ያህል፣ አባታችን ካረፈ ጀምሮ በእሷ ፈንታ መልስ መስጠት ልማዴ ነበር። በቤት ኪራይ ውል ላይ፣ በሐኪም ቤት ቅጽ ላይ፣ አንድ ጊዜም ሊያገባት ለመጣ ሰው። የኋለኛው የዛሬው ጉዳይ አይደለም።

5. በጥቅምት ወር ለጋሿ ደረሰኙን ከመነጽሯ ማኅደር ውስጥ አውጥታ ብረቱ መቼ እንደሚቆም ጠየቀችኝ። ገንዘቡ ጣሪያው ላይ መዋሉን ነገርኳት። “ታዲያ ጣሪያውን ይዤ ልውጣ?” አለችኝ። ከጡረታዬ እየቆረጥኩ እመልሳለሁ ብላት፣ “ካንተ ኪስ አልሰጠሁም፣ ካንተ ኪስም አልቀበልም። ለልጆቹ ጣሪያ ነው ብለህ ብትጠይቀኝ እኮ እሺ ልልህ እችል ነበር። አሁን እሺ የምልበትንም ወሰድክብኝ” አለች። ደረሰኙን አጣጥፋ ወደ ማኅደሩ መለሰችው። ከዚያ ወዲህ ስለ ጤናዬ ትጠይቀኛለች፤ ሌላ ነገር አታነሣብኝም።

6. ጥፋቴን በጽሑፍ ለጉባኤው ሳቀርብ፣ “ጉዳዩ የቤተሰብ በመሆኑና የአገልጋዩን ዕድሜ በማክበር ተዘግቷል” የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። የመደገፊያው ስጦታ ከዓመታዊው ሪፖርት ወጥቷል፤ ስጦታውና ዝውውሩ የተመዘገቡበት ገጽ 74ም በንጹሕ እንዲገለበጥ ታዟል። ያስተማሩኝ መምህር የተፋቀ ቁጥር ካዩ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ያስጽፉኝ ነበር። የተሳሳተ ቁጥር በአንዲት ቀይ መስመር ይሰረዛል፣ ከሥሩ ይነበባል፣ የሰረዘውም ይፈርምበታል። ዕድሜዬ ከዚህ ደንብ ነፃ የሚያደርገኝ አይመስለኝም። ስጦታው ከመዝገብ ከጠፋ ደግሞ፣ እህቴ በማኅደሯ የያዘችው ወረቀት የምንም ነገር ደረሰኝ አይሆንም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ/ ያለ ለጋሿ ፈቃድ የተደረገው ዝውውር ተሰርዞ የጣሪያው ወጪ በመደበኛው ሒሳብ ላይ እንዲመዘገብ፤ ሒሳቡ ዛሬ ባዶ ቢሆን እንኳ ለመደገፊያው ያለበት ዕዳ በሪፖርቱ እንዲታይ፤

ለ/ ገጽ 74 ሳይገለበጥ፣ ስሕተቱ በቀይ መስመር እንዲሰረዝና እንድፈርምበት፤

ሐ/ ከእኔ በቀር አንድ የጉባኤው አባል ሄዶ የለጋሿን ፈቃድ እንዲጠይቅልኝ ነው።

ለጋሿ እሑድ እሑድ ከደረጃው ሥር በጥበቃው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከድምፅ ማጉያው ታዳምጣለች። የሚጠይቃት ሰው ከላይ ሆኖ እንዳይጣራ፣ አሥራ አንዱን እርከን ወርዶ አጠገቧ እንዲቀመጥ አደራ እላለሁ። ገንዘቡ ለጣሪያው ይቅር ትበል፣ መደገፊያዬን ሥሩልኝ ትበል አላውቅም። በሰባ ስምንት ዓመቴ መልሷን አላውቅም ብዬ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ቀለም የጠገበች ናት፣ መልሷን ራሷ ትጻፈው። እኔ የፈረምኩበት ቦታ ለእሷ ጠባብ ስለሚሆን፣ አዲስ ቅጽ ይያዝላት።

ለጽሕፈት ቤቱ ካለኝ የቆየ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ሒሳብ መዝጋቢው

አባሪ፦ የደረሰኙ ጉርድ ግልባጭ፣ የማዘዋወሪያው ሰነድ፣ የጉባኤው ደብዳቤ

ግልባጭ፦
ለገንዘብ ያዧ
ለለጋሿ (ከደረጃው ሥር፣ በእጅ የሚሰጥ)